ቀለሙ ያልተነካ ብሎን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ወደ ግራ ነው የሚፈታው! ይህችን ለማወቅ ግማሽ ጠዋት ፈጀሁ። የአዲሱን መፍቻዬን አቅጣጫ መቀየሪያ ወደ ተሳሳተው ወገን ገፍቼ ኖሮ፣ እፈታለሁ እያልኩ ብሎኑን የባሰውን ሳጠብቀው ቆየሁ። ደግነቱ ያየኝ የለም።

ከገባኝ በኋላ ግን ምን ልበል! ይህ መፍቻ ሽጉጥ ይመስላል፤ ገመድ የለውም፣ በባትሪ ነው የሚሠራው። ቡሶላውን፣ ብሎኑን የሚጨብጠውን ክብ ብረት፣ ብሎኑ ራስ ላይ ሰክቼ ጣቴን ማሳረፍ ብቻ ነው። ጠጠጠጠ ብሎ ሲያበቃ ብሎኑ መዳፌ ላይ ነው። ያለፈው ወር ማንኩሳ አጠገብ የፒካፕ መኪናዬ የኋላ ቀኝ ጎማ ሲተነፍስ፣ በእጅ መፍቻው ብረት ላይ ሁለት እግሬን ጭኜ ብዘል ብዘል አልላወስ ብሎኝ፣ ጉልበት ያለው መንገደኛ እስኪያልፍ የምነግደው የዶሮ መኖ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ያን ዕለት ነው ይህን ነገር ከባሕር ዳር አስመጣለሁ ብዬ የማልኩት። አስመጣሁት። የራሴ ነው።

ድምፁ ግን ጉድ ነው። ጠጠጠጠ ሲል ጎረቤቴ ልጆቿን ሰብስባ ገብታ በሯን ቀረቀረች። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ማን ቆሞ ያያል። በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ «እኔ ነኝ፣ ጎማ እየፈታሁ ነው!» ስላት፣ «አንች ሴትዮ በድንጋጤ ልትጨርሽን ነው እንዴ!» እያለች ወጣች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን።

ዛሬ ለልምምድ የኋላ ግራውን ጎማ ብቻ ፈትቼ መልሼ አሰርኩ። ያለፈው ታኅሣሥ መኪናውን ለዓመት ምርመራ ሳዘጋጅ ቸርኬዎቹን ብርማ ቀለም አስቀብቼ ነበር። ቀቢው ሰነፍ ነው፤ ብሎኖቹን ሳይሸፍን አብሮ ነፋባቸው። የመጀመሪያው ብሎን ሲዞር ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጠቀ። አዲስ ዕቃ የከፈትኩ መሰለኝ፣ ደስ አለኝ።

ነገ የፊቱን አያለሁ። ፍሬኑ ሰሞኑን ስረግጠው ያፏጫል። ጋሸ አየነው አቧራ ነው ብለውኛል፤ እሳቸው ካሉ ነው። ጋሸ አየነው አበልጄ ናቸው፣ የልጄ የኤርሚያስ ክርስትና አባት፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው መካኒክ። ለፋሲካ የፊት ፍሬን ሸራዎቹን የቀየሩልኝም እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ አቧራውን ልጥረግለት። ዓርብ የኅዳር ሚካኤል ነው፣ እናቴ አገር ንግሥ አለ። ከቡሬ አልፎ በነቀምት መንገድ ያለው ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም፤ ባሌንና ልጄን ይዤ ነው የምወርደው።

ለዓርብ፦ የዳቦ ዱቄት። ጧፍ። ለእምዬ ነጠላ። ነዳጅ፣ ከተገኘ። ፍሬን ማየት።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ምን ብዬ ልጀምር።

ከቅዳሴ መልስ የፊት ግራውን ጎማ ያዝኩ። የመጀመሪያው ብሎን ዞረ፣ ብርማው ቀለም ተሰነጣጠቀ። እንደ ትናንቱ ደስ አለኝ። ሁለተኛውም ተሰነጣጠቀ። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ።

ቀለሙ የተቀባው ታኅሣሥ ነው። ፍሬን ሸራው የተቀየረው ለፋሲካ ነው። ጎማ ሳይፈታ ደግሞ ፍሬን ሸራ አይቀየርም። ታዲያ ይህን ቀለም እስከ ዛሬ ማን ጠብቆ አቆየው?

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ምክንያት ፈለግሁላቸው። ምናልባት ቀቢው ሁለተኛ መጥቶ ይሆን? አልመጣም። ምናልባት ሌላ ጎማ ይሆን የፈቱት? ተነሥቼ የፊት ቀኙን አየሁ፤ እሱም ቀለሙ አልተነካም። ጎማውን አውርጄ ውስጡን ሳይ ሸራው አልቆ ብረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። የሚያፏጨው እሱ ነው። አቧራ አይደለም።

ያን ቀን አስታውሳለሁ፣ የሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ብቻቸውን መጡ፤ ለኔ ሲሠሩ የጋራዡን ሰው አያመጡም፣ ገንዘብም አይቀበሉም። እኛ አገር ደግሞ በነጻ የሚሠራልህን ታላቅ ሰው ቆመህ አታይም፤ ቆሞ ማየት «አላምንዎትም» ማለት ነው። ስለዚህ ገባሁ። ሽሮ ሠራሁ፣ ተልባ በጠበጥኩ፣ ጠላ አጠለልኩ። ስወጣ እጃቸው እስከ ክርን ጠቁሯል። ያለቁ ሸራዎች መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። «ይኸው፣ አልቆ ነበር። እግዜር ነው ያወጣሽ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

የማን ሸራ ነበር ያ? ከየትኛው መኪና የወጣ? አዲሱንስ፣ እኔ ራሴ ከባሕር ዳር የገዛሁትን፣ የት አደረሱት?

አደረሱት። አደረሰው። ከአሁን በኋላ በአንቱ ልጽፍለት እጄ እምቢ አለኝ። እዚህ ወረቀት ላይ እንኳ የልቤን ልሁን። ዋሸኝ። አስቦበት፣ ማስረጃ ይዞ መጥቶ፣ እጁን አጥቁሮ ዋሸኝ። ሽሮዬን በልቶ መርቆኝ ሄደ።

ጎማውን አልመለስኩም። መኪናው በክሪክና በድንጋይ ላይ ቆሟል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

እንቅልፍ የለም። ጠዋት መኖውን በጋሪ አስጭኜ ላክሁ። ባለ ጋሪው «መኪናሽ ምን ሆነ?» አለኝ። «ታመመ» አልኩት። እኔ መታመሜን ማን ይንገረው።

ባሌ ታደለ ዱርቤቴ ነው የሚሠራው፤ ባለፈው ሳምንት መጨረሻ ሥራ በዝቶበት አልመጣም። ደወልኩለት። ሁሉንም ሰማኝ። ከዚያ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። ቀለሙን እንደገና አስረዳሁት። «እንግዲህ እናኑ፣ አበልጅ ነው። ምን ይደረጋል። መኪናውን ሌላ ጋራዥ ወስደሽ አሠሪና ነገሩን ተይው» አለ። ተይው! ታደለ ከሰው ጋር ከመጣላት እግሩን ቢያጣ ይመርጣል። እኔ ደግሞ እንዲህ አልተፈጠርኩም። ስልኩን ዘጋሁበት። በኋላ መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እሱ ምን አደረገ።

የሚጎዳኝ ሸራው አይደለም። ሌላ መካኒክ ቢያታልለኝ ተሳድቤ እረሳው ነበር። ይህ ግን ልጄን በአርባ ቀኑ ታቅፎ የቆመ ሰው ነው። ማዕተቡን ያሰረለት፣ ስሙን ከቄሱ አፍ የተቀበለለት። ኤርሚያስ በዚያ መኪና ስንት ጊዜ ወጥቶ ወርዷል። ይህን ያውቃል፣ አያውቅም አይባልም።

ከሰዓት የመለዋወጫ ሱቆቹን ዞርኩ። ለኔ መኪና የሚሆን ሸራ የለም፤ «ምናልባት ቡሬ» አሉኝ። ቡሬ ያለው ልጄ ኤርሚያስ ማታ ላይ ደወለ። እዚያ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው የሚማረው። ሐሙስ እመጣለሁ፣ ለሚካኤል አብረን እንሄዳለን አለኝ። ሊዘጋ ሲል «ክርስትና አባቴ ደህና ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«ደህና ናቸው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቤቱ ሄድኩ። ፊት ለፊት ልነግረው ቆርጬ ነበር፣ የምናገረውን መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነው የሄድኩት። የለም። ሚስቱ እትየ ጥሩወርቅ ብቻ ናቸው ያሉት፣ ምስር እየለቀሙ። ቁጭ በይ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። እሳቸውን ማስቀየም አልፈለግሁም፤ ስለ ሚካኤል አወራን።

ከዚያ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ ምስሩን እያንጓለሉ እንዲህ አሉ፦ «ዘንድሮስ አብሬሽ ሄጄ እናትሽን ሳላይ አልቀርም። ባለፈው ለፋሲካ ማግስት እንኳ ስንት ተዘገጃጅቼ፣ መኪናሽ ላይ ከወጣሁ በኋላ መጥቶ አስወረደኝ እኮ።»

ትዝ አለኝ። ጋቢና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው። እሱ በባጃጅ ደረሰብን። «ለቅሶ አለብን፣ ውረጅ» አላቸው።

«ለቅሶ ነበረባችሁ አይደል?» አልኩ።

«የምን ለቅሶ! ቤት ስንገባ ለቅሶ የለ፣ ምን የለ። ለምን አስወረድከኝ ብለው ተቆጣኝ። ወንድ ልጅ ደግሞ አንዳንዴ ይነሣበታል» አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ያን ቀን ኤርሚያስ ከኋላ ጆንያዎቹ ላይ ነበር። ጋሸ አየነው ሚስቱን ደግፎ አወረደ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ የክርስትና ልጁን ግንባር ሳመ። «በሰላም ግቡ» አለን። ቆሞ እጁን አውለበለበልን። ያንን ቁልቁለት እንድንወርድ።

ሚስቱን አወረደ፣ ልጄን ተወው።

እንዴት እንደተሰናበትኳቸው አላስታውስም። ቤቴ ስደርስ አለቀስኩ። እናቴ የምታለቅሰውን ዓይነት፣ በድምፅ። የምጽፈው ይኸው ነው፤ ተከድቻለሁ። እስከ ትናንት አታለለኝ እያልኩ ነበር። ማታለል ሌላ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ራሱ መጣ። እትየ ጥሩወርቅ ነግረውታል ማለት ነው።

ግቢው ውስጥ ገብቶ መኪናውን ጎማው ወልቆ ሲያይ ቆመ። እኔም ከቤት ወጥቼ ቆምኩ። ሰላም አልተባባልንም። ስንት ዓመት ሙሉ ጉንጭ ለጉንጭ ሳንሳሳም አንድ ቀን ተገናኝተን አናውቅም። መሬት ላይ የረገፈውን ብርማ ቅርፊት አየው። ሰውየው መካኒክ ነው፣ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የመኖ ጆንያ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እጄ እምቢ ብሎኝ ነው» አለ።

«ምን አሉ?» አልኩ። ፊት ለፊት ሲሆን አፌ አንቱታውን አይተውም፣ እልህ ያዘኝ።

«ቀኝ እጄ ጉልበት ከከዳው ቆይቷል፣ ልጄ። ጋራዥ የሚያግዙኝ ልጆች ይፈታሉ፣ እኔ ቆሜ አሳያለሁ፤ ማንም አላወቀብኝ። አንች ቤት ብቻዬን መጣሁ። አንዷን ብሎን ስታገላት ቆየሁ፣ ንቅንቅ አልል አለች። አንች ውስጥ ትጣደፊያለሽ፣ ሽታው ይመጣል። ምን ብየ ልግባ?»

«አልቻልኩም ይሉኝ ነበራ!»

«ለማን? ለአንች? አበልጅሽ መኪናሽን መፍታት አቃተው ልበል?»

«አሮጌዎቹስ? መዳፍዎ ላይ ያሳዩኝ?»

«መጠኑን ለማስተያየት ከጋራዥ ይዣቸው መጥቼ ነበር። ለውሸት አልነበረም። ኋላ ነው ለውሸት የሆኑት።» በነጋታው ከልጆቹ አንዱን ይዤ መጥቼ እሠራዋለሁ ብዬ ነበር አለኝ። በነጋታው በዓል ሆነ። ከዚያ ወዲያ አፈርኩ አለ።

ሊያሳዝነኝ ጀመረ። እጁን አየሁት፣ ጣቶቹ እንደ ሌላ ሰው ጣት ጭኑ ላይ ተጋድመዋል። ያሳዝናል። ያኔ ነው የጠየቅሁት፦ «እትየ ጥሩወርቅን ግን አወረዷቸው።»

ዓይኑን ወደ ወለቀው ጎማ አዞረ።

«ኤርሚያስ ከኋላ ነበር። ግንባሩን ሳሙት። ጋሸ አየነው፣ እጅ ቢደክም ይገባኛል። አፍዎ ምን ሆነ?»

ራሱን አቀረቀረ። ከዚያ ከኮቱ ውስጥ ካርቶን አወጣ፤ የኔ ሸራዎች፣ ፕላስተሩ እንኳ አልተላጠም። ሰጠኝ። ልጆቹን ልላክልሽ አለ፤ አልፈልግም አልኩ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ዓርብ እኔም እመጣለሁ። በእናትሽ ፊት፣ ለኤርሚያስም፣ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንች አትናገሪ፣ ይህችን ብቻ ተይልኝ» አለ።

እሽ አልኩት። ለምን እሽ እንዳልኩ አላውቅም። ልማድ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሠራነው! እኔና ኤርሚያስ፣ በራሳችን ግቢ።

ልጄ ከቡሬ በሚኒባስ ገባ። መኪናውን ሲያይ «ክርስትና አባቴ አይመጡም እንዴ?» አለ። «አሟቸዋል» አልኩት። ቃል ገብቼ የለ። በስልክ ቪዲዮ አየን፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሰውየው ብረቱን አንሥቶ ይደርቃል፣ እኛም ብረታችንን ይዘን እንደርቃለን።

ያየሁት ችግር፦ አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ አልገባ አለን። የሚገፋውን ክብ ብረት መጀመሪያ ወደ ውስጥ መመለስ ያስፈልጋል። ከአናጺው ጎረቤታችን መቆንጠጫ ተውሰን ቀስ እያልን መለስነው። ከዚያ ጠቅ ብሎ ገባ። ኤርሚያስ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ።

የጎማ ብሎኖቹን በባትሪው መፍቻ ዳር ዳሩን አስያዝኩና ጎማውን መሬት ካስነካን በኋላ በእጅ መፍቻው አጠበቅሁ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ጥንድ ጥንድ እያልኩ። ይህ መፍቻ ጉልበቱን አያውቅም፤ ዝም ካሉት ብሎን ይቀነጥሳል። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ቀኝ ጎማ ላይ ሊሞት ሲል ጨረስን። ከመንቀሳቀሴ በፊት ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩ፤ መጀመሪያ ባዶ ነበር፣ ከዚያ እግሬን ገፋኝ። ያ ሲገፋኝ ደስታዬ!

መንገዱ ላይ ወጥቼ ሞከርኩት። ረገጥኩ፣ ቆመ። ፉጨት የለም። እንደገና፣ ቆመ። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ አጨበጨበችልኝ። ታደለም አመሻሽ ላይ ከዱርቤቴ ገባና መኪናውን ዞሮ ዞሮ አይቶ «አንች ነሽ?» አለ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ነው በልቼ የጠገብኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ስንነሣ ከተማው ጭስ ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን አይደል፣ በየደጁ ጥራጊው ይነዳል። እስከ ቡሬ ዓይናችንን እያሸን ሄድን።

ከቡሬ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሽ ቀነስኩ። መታጠፊያው ላይ ከብቶች መንገዱን ሞልተውት አገኘን። ረገጥኩ። መኪናው ያለ ምንም ጣጣ ቆመ። ከብቶቹ ቀስ ብለው አለፉ። ታደለ «ደግ» አለ። እኔ ግን ለፋሲካ ከብቶቹ እዚህ ቢኖሩስ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልለቀኝም።

ንግሡ ደስ ይል ነበር። ዓርብ ስለዋለ የጾም ነው፤ እናቴ ቤት ሽሮው፣ ምስሩ፣ ተልባው፣ ጠላው። እሱም መጣ፣ ከፋሲካ ወዲህ እንደለመደው በሚኒባስ። መኪናዬ ላይ አለመውጣቱ እስከ ዛሬ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። እናቴ ከጎኗ አስቀመጠችው። ዳቦ ይዤ ስዞር መጀመሪያ ለእሱ ሰጠሁ፣ ለአበልጅ እንደዚያ ነው። ዓይኔን አላየም። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። በልቶ ይሆናል አልኩ። ጠጥቶ ይሆናል አልኩ።

ከዚያ እናቴ ተነሣች። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። «ጋሸ አየነው፣ መቼም አንቱን እግዜር ይስጥልኝ። ይህችን መኪና አንቱ ባይጠብቋት ልጄንና የልጅ ልጄን ማን ያመጣልኝ ነበር፣ በዚህ በገደሉ! ዕድሜ ይስጥልን!» አለች።

ሰው ሁሉ «አሜን» አለ።

አሁን ነው አልኩ። የዳቦውን መሶብ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እሱ ዋንጫውን አየ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን፣ እግዜር ያኑርልን» አለ።

በቃ። ያን ብቻ።

አልተናገርኩም። የእናቴን በዓል ላበላሽ? ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው፣ ንግሧ ነው። መሶቡን ይዤ ጓዳ ገባሁ። የፋሲካው ውሸት የፍርሃት ነበር ልበል። የዛሬው የምን ነበር? ሳልጠይቀው ራሱ የገባውን ቃል፣ ምርቃት ጣፍጦት ዋጠው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለኤርሚያስ ነገርኩት። ከዚህ በላይ አልችልም ነበር። ቀለሙን፣ ሸራውን፣ እጁን፣ የእትየ ጥሩወርቅን መውረድ፣ ሁሉንም። ታደለ በመስኮት ውጭውን ያያል። ቡሬ ስንደርስ ልጄ ወደ ኋላው የጭነት ሣጥን ዞሮ አየ። ከዚያ «እኔ ከኋላ ነበርኩ» አለ።

«አዎ» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከቁርስ በኋላ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። ኤርሚያስ ተነሥቶ ውስጥ ገባ፣ ሰላምም አላለው። ሲገባ አየው፤ ያን ጊዜ መናገሬን ዐወቀ።

ስለ ትናንት አንድም ነገር አልተናገረም። እኔም አልረዳሁትም። በመጨረሻ «መፍቻሽን ልዋስ ነበር» አለ።

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ በቁጣ ሳቅሁ። «ለምን?»

የጋራዡ ልጆች ለሚካኤል አገራቸው ሄደው አልተመለሱም። አንድ ሚኒባስ ቆሞበታል፤ ተማሪ ወደ ቡሬ የሚያመላልስ። ፍሬኑ እንዲታይለት ሾፌሩ እየጠበቀ ነው፤ ነገ ሰው ይጭናል።

ኤርሚያስ ከውስጥ «አትስጫቸው!» አለ፣ እንዲሰማ አድርጎ። ታደለ እኔን አየኝ። እኔም ልቤ አትስጭው ነው የሚለኝ። ይለምን፣ እንደኔ ይጠብቅ፣ መንገደኛ ይፈልግ። እሺ፣ ባልሰጠውስ? ያ ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ሲመለስ እጁ የጠቆረ ሰው ያለቀ ሸራ መዳፉ ላይ አድርጎ ያሳየዋል። ነገ ያ ሚኒባስ የሰው ልጅ ሞልቶ ይነሣል፤ ኤርሚያስ ራሱ እኮ ነገ ወደ ቡሬ ይመለሳል።

ባትሪውን ከቻርጁ ነቀልኩ። መፍቻውን ያዝኩ። እጁን ሲዘረጋ «አልሰጥም፣ አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኩት።

እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። ጋራዡ ጋ ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ሴት መፍቻ ይዛ ስትመጣ አይቶ ፈገግ አለ። «እሷ ማናት ጋሼ?»

ጋሸ አየነው ቀኝ እጁን ተመለከተ። ከዚያ «አበልጄ ናት። እጄ ብሎን መፍታት ካቃተው ዓመት አልፎታል። እሷ ነች የምትፈታልህ» አለው።

እንዲህ ብሎ ተናገረው። ለማያውቀው ሾፌር፣ በአንድ ትንፋሽ። ለኔ ዓመት ሙሉ ያልወጣው፣ ትናንት በእናቴ ፊት ያልወጣው። ደስ ይበለኝ ወይስ እንደገና ልቃጠል፣ ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ሾፌሩ ግን ምንም አልመሰለውም፣ «ጥሩ፣ ቶሎ በሉልኝ» ብሎ ሊሄድ ነበር። «የትም አትሄድም» አልኩት። «እዚሁ ቆመህ እይ።» ጋሸ አየነው ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። ክሪኩን ግን ራሱ በግራ እጁ ገፍቶ አስገባ።

ኤርሚያስ ነገ ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተው ይሂድ አይሂድ አላውቅም፤ አላዘውም፣ አልከለክለውም። እኔም ይቅር ልበለው አልበለው ገና አላውቅም። የዚያ ሚኒባስ አራቱም ጎማ ሲወልቅ ግን ሾፌሩም እኔም ቆመን አይተናል።